እስኪለምኗት የጠበቀችው እጩ

አፀደን ፖለቲካ ውስጥ የከተቷት አቶ ተክለጻድቅ ናቸው። በኖርዌይ ኦስሎ ባለው የአበሻ ቤተ ክርስቲያን ሰው ሁሉ የሚያከብራቸው፣ ትንሽም የሚፈራቸው ሽማግሌ ናቸው። አንድ ቅዳሜ ቶየን አደባባይ ላይ ከሜትሮ ስትወጣ ያዟት።

«አፀድዬ፣ ፓርቲው ለጋምለ ኦስሎ ሰፈር ምክር ቤት አበሻ እየፈለገ ነው። ግቢ።»

«ኧረ ጋሼ፣ እኔ ምን አውቄ! ሌላ ሰው ይፈልጉ።»

«በሞቴ!»

«ኧረ አይሆንም!»

«አፈር ስሆን እሺ በዪኝ!»

እሺ አለች። ልቧማ ገና በመጀመሪያው ቃል ምክር ቤት ገብቶ ወንበር ይዟል፤ ግን ጨዋ ሰው ሳይግደረደር አይቀበልም።

ከገባች በኋላ የሚያቆማት ጠፋ። ቀን በአረጋውያን መጦሪያ ትሠራለች፣ ማታ ምክር ቤት ትሟገታለች። ለጎረቤቶቿ የኮሙን፣ የማዘጋጃ ቤቱ ኪራይ ቤት እድሳት ተከለከለ ሲባል፣ የሻገተ መጋረጃ በፌስታል ይዛ ገብታ ስብሰባው ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችው። ሰዎቹ አፍንጫቸውን ይዘው ድምፅ ሰጡ፤ ቤቶቹም ታደሱ። በዚህ ዝናዋ ከሰፈር አልፋ የከተማው ምክር ቤት ገባች። ለሰው ስትጠይቅ ዓይኗን አታሽም።

ለራሷ ሲሆን ግን ሌላ ሴት ናት።

አንድ ቀን ሽንኩርት እያቁላላች ሳለች የፓርቲው እጩ አቅራቢ ኮሚቴ ሰብሳቢ ደወለችላት። «ወደ ስቶርቲንግ፣ ወደ ፓርላማው የሚያስገባ የእጩነት ቦታ ልንሰጥሽ አስበናል። ትፈልጊያለሽ?»

አፀደ ስንት ዓመት የተመኘችው ነው! እናም በወጉ መለሰች። «ኔይ፣ ኔይ፣ አይሆንም፣ እኔ ለዚህ አልበቃም። ከእኔ የተሻሉ ሞልተዋል።»

«እሺ፤ በግልጽ ስለነገርሽኝ አመሰግናለሁ» አለች ሴትዮዋ። ዘጋችው።

አፀደ ስልኩ ላይ አፈጠጠች። መልሳ ትደውላለች ብላ ጠበቀች። ሽንኩርቱ አረረ፤ ስልኩ ግን ዝም።

ልጇ መቅደስ ይህን ስትሰማ በሳቅ ፈረሰች። «እማ፣ ኔይ አልሻት እኮ!»

«እና? በአንድ ጥያቄ ዘልዬ እሺ ልበል? ስግብግብ ነኝ?»

«እነዚህ ሰዎች በሞቴ ማለት አያውቁም። ደውዪና እፈልጋለሁ በያት።»

«በገዛ አፌ?» አፀደ ፊቷ ጋለ።

አቶ ተክለጻድቅን አማከረች። «ታገሺ፤ ይለምኑሻል። ክብርሽን ጠብቂ» አሏት። ጠበቀች። ክብሯ አልተነካም፤ ቦታው ግን ለሌላ ሰው ታጨ።

የቀረው እጩዎቹ የሚጸድቁበት ጉባኤ ብቻ ነው። አፀደ ከተወካዮቹ ጋር፣ አቶ ተክለጻድቅና መቅደስ ከኋላ ከእንግዶች ጋር ተቀምጠዋል። ሰብሳቢዋ «ለዚህ ቦታ ሌላ ጥቆማ አለ?» ብላ አዳራሹን ቃኘች። ማንም አፀደን አላነሳም። ማን ያንሳ? አልፈልግም ብላለች! ያን ጊዜ ተናደደች፤ በሰዎቹ ሳይሆን በራሷ። ለሰው ቤት የሻገተ መጋረጃ ጠረጴዛ ላይ የዘረጋች ሴት፣ ለራሷ አንዲት ቃል አጥታ ልትቀር ነው?

ተነሳች።

«እኔ አለሁ። ቦታውን እፈልገዋለሁ። ያን ጊዜ ኔይ ያልኩት እንድትለምኑኝ ነበር።»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ሰብሳቢዋ ፊቷ ቲማቲም መሰለ፤ «ብትነግሪኝ ኖሮ እለምንሽ ነበር!» አለች። አፀደ ግን አልሳቀችም። ለምን እንደምትፈልገው፣ ማንን ወክላ እንደምትገባ በማይሰበር ድምፅ አስረዳች። ድምፅ ተሰጠ፤ በጠባብ ልዩነት አሸነፈች።

ሰብሳቢዋ በደንቡ መሠረት ወደ እሷ ዞረች። «አፀደ፣ እጩነቱን...»

ከኋላ አቶ ተክለጻድቅ በእጃቸው ቀስ፣ ቀስ ይላሉ፤ ትንሽ ተግደርደሪ እንጂ ነው ነገሩ። «ኧረ እኔ ማን ነኝ» የሚለው ቃል ጉሮሮዋ ድረስ ወጣ። ዋጠችው።

«ያ! ያ! አዎ፣ እቀበላለሁ!» አለች፣ ሴትዮዋ ጥያቄውን ሳትጨርስ።