የመገበሪያው ስንዴ

ደሜ ከቆመ ቆይቶ ነበር፤ እኔ ግን በየወሩ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጪ መቆሜን አልተውኩም። በእኛ አገር የወር አበባ ላይ ያለች ሴት ከቅጥሩ አትገባም፣ ውጪ ቆማ ታስቀድሳለች። እኔም የሐምሌ ዝናብ እየወረደብኝ ከወጣቶቹ ሴቶች ጋር አጥሩ ሥር እቆማለሁ። ያየኝ ሰው ገና ትወልዳለች እንዲል ነው።

አማቴን፣ የባሌን እናት፣ ፈርቼ ነው እንጂ ዝናብ ወድጄ አይደለም። ለልጃቸው የወለድኩለት አንዲት ሴት ልጅ ብቻ ናት፤ እሳቸው ደግሞ ወንድ የልጅ ልጅ ሳያዩ እንዳይሞቱ ይለምናሉ። ገሳይ ከተማ አንዲት የምትዳር ልጃገረድ አይተውለት ነበር። እኔ እየሰማሁ «መውለዷ ካበቃ ቁርጣችንን እንወቅ» ይሉታል። ባሌ እሺም አይል፣ እምቢም አይል። ዝምታው አንጀቴን ያሳርረው ነበር። ጎጆውን አብሬ ቀልሼ፣ በዚህ ዕድሜዬ ጓዜን ጠቅልዬ የት ልግባ?

በዚያ ክረምት፣ ፍልሰታ ሊገባ ሲል፣ የቤተ ክርስቲያናችንን መገበሪያ የሚፈጩት መነኩሲት አረፉ። ደብረ ታቦር የሞተር ወፍጮ ሞልቷል፤ ለቁርባን የሚሆነው ስንዴ ግን በእጅ ነው የሚፈጨው፣ ያውም የወር አበባዋ በቆመ ሴት ወይም በልጃገረድ። ልጃገረዶቹን ቀበሌው ለአብዮት በዓል ሰልፍ ልምምድ ሜዳ ላይ ሲያስረግጣቸው ይውላል፤ የቀረች ጸረ አብዮት ትባላለች። አሮጊቶቹ ወፍጮ የሚገፉበት ክንድ የላቸውም። በፍልሰታ ደግሞ በየቀኑ ይቀደሳል።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቄሰ ገበዙ ሕዝቡን አቁመው ይህንኑ ተናገሩ። ጾሙ ያለ ቁርባን ሊያልፍብን ነውና ከመካከላችሁ የምትችል ካለች ትነሣ አሉ። የተነሣች ግን አልነበረችም። የምትነሣ ሴት አረጀሁ ማለቷ ነዋ፣ ያውም በሰው ሁሉ ፊት። ከእኔ የማያንሱት ሁሉ መሬት መሬቱን ያያሉ።

አማቴ ከጎኔ ናቸው፤ ባሌ ከወንዶቹ መካከል ቆሟል። ዝም ልል ነበር፣ እውነቴን ነው። ግን ያ አጥር ትዝ አለኝና ንዴቴ መጣ። ዕድሜዬን ከማንም ሰርቄ አላመጣሁት፤ ምን ያስደብቀኛል?

«እኔ እፈጫለሁ» አልኩ።

አማቴ ዞረው አዩኝና ባሌን ጮክ ብለው «ሰማህ?» አሉት። ባሌ ጋቢውን ትከሻው ላይ መለሰና ወጥቶ ሄደ።

ቤት ስደርስ በቅሎዋ ከበረት የለችም። በቃ፣ ገሳይ ሄደ አልኩ። ቀሚሶቼን አጣጥፌ ከነጠላዬ ጋር ቋጠርኩ፤ ከዚያ ደግሞ እንደገና ፈታሁት። ተባርሬ እንጂ በገዛ እግሬ አልወጣም ብዬ መደቡ ላይ ቁጭ አልኩ።

ወደ ማታ ገደማ ከደጅ ቋ ቋ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ብወጣ በቅሎዋ ታስራለች፣ የስንዴው ጆንያ ግድግዳውን ተደግፏል፣ ባሌ የመነኩሲቷን የወፍጮ ድንጋይ አስቀምጦ ይወቅራል።

«ለስልሶ ነበር» አለ ቀና ሳይል። «እንደዚያው ሆኖ ክንድሽን ይጨርሰዋል።»

ጠጋ ብዬ ጆንያውን ዳሰስኩት። እሱም ቀጠለ።

«ከፋሲካ ጀምሮ አውቃለሁ። ቀኑን እያዛባሽ ነበር አጥሩ ሥር የምትቆሚው። አፍ አውጥተሽ እስክትነግሪኝ ጠበቅሁ። ገሳይ ጉዳይ የለኝም፤ ለእናቴም አሁን ነግሬያቸው መጣሁ።»

ደስታውም ንዴቱም አንድ ላይ መጣብኝ። ታዲያ ያ ሁሉ ዝናብ ሲወርድብኝ ዝም ብለህ ታየኛለህ ብዬ ጮህኩበት። ሳቀ፤ እኔ አለቀስኩ።

በማግስቱ ጧት ፊቴን ታጥቤ፣ ነጭ ልብሴን ለብሼ ወፍጮው ላይ ተንበረከክሁ። አማቴ ገቡ። ሰላም አላሉኝም። ሰፌድ አንሥተው፣ ስንዴ ቀዱና ፊት ለፊቴ ተቀምጠው እንክርዳዱን ይለቅሙ ጀመር። ረፋዱ ላይ ዱቄቱን በጣታቸው ዳሰስ አደረጉት።

«ትንሽ ደቀቅ አድርጊው» አሉኝ።