ከሾርባው ማዶ የተቀመጠችው

በሆላንድ፣ ፍሪስላንድ ባለው የአረጋውያን መጦሪያ ቤታችን ሐሙስ ሐሙስ የምትመጣው ፋርማሲስት የዝናብ ካፖርቷን አታወልቅም። የሰዉን መድኃኒት የምትመረምረው ምሳ ሲበላ እያየች ነው። ዛሬም ከወይዘሮ ቲትስኬ ፊት ለፊት ተቀምጣለች፤ አሮጊቷ በሚወስዱት የእንቅልፍ ክኒን ደንዝዘው ሰሞኑን ወድቀዋል።

ሐኪሙ የመኪና ቁልፉን ይዞ ሊወጣ ሲል ጠራችው።

«ዶክተር፣ ክኒኑ ይቀነስ ብዬ ጽፌልህ ነበር።»

«አይቼዋለሁ። ለሳምንት እንነጋገር።»

«እስከዚያ ዳሌያቸው ቢሰበርስ?»

«አንቺ ደግሞ፣ ሟርተኛ!»

የወይዘሮ ቲትስኬ ማንኪያ አፋቸው ሳይደርስ ቆመ፤ ዓይናቸው ተከደነ፣ ራሳቸውም ወደ ሾርባው አዘመመ። የፋርማሲስቷ መዳፍ ግን ቀድሞ ከግንባራቸው ሥር ነበር። እንዲህ መቅደም የሚለምደው አንድ ጊዜ የዘገየ እጅ ይመስለኛል።

«እስኪ አንተ ያዛቸው» አለችው።

ሐኪሙ እጁን ዘረጋ። የአሮጊቷ ራስ ሲከብደው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ከዛሬ ማታ ጀምሮ ይቀነስ» አለ።