ዙሀይር አፉን የፈታበት ቦክስ

ሙፈሪያት የኪራይ ነገር አትወድም። ኮልፌ ያደገችው ከአንዱ ግቢ ወደ ሌላው ግቢ ዕቃ እየተሸከሙ ሲዞሩ ነው፤ በየሄዱበት ደግሞ «ግድግዳዬ ላይ ሚስማር እንዳትመቱ» የሚል አከራይ አያጡም ነበር። የአባቷ ፎቶግራፍ አንድም ቀን ሳይሰቀል ዕድሜውን ሙሉ ቁም ሳጥን ላይ ተደግፎ ኖረ። ስለዚህ አሜሪካ መጥተው ሚኒሶታ ውስጥ ብሩክሊን ሴንተር አፓርትመንት ገብተው ባሏ ባህሩዲን «ቴሌቪዥን የሚቀዳ ቦክስ ያስፈልገናል» ሲላት የመጀመሪያ ጥያቄዋ «ይገዛል ወይስ ይከራያል?» የሚል ሆነ።

ባህሩዲን የትልቅ ጭነት መኪና ሾፌር ነው። ከቤት ከወጣ ቶሎ አይመለስም። የሚወደው የእንግሊዝ ኳስ ደግሞ ሚኒሶታ ገና ቁርሷን ሳትበላ፣ እሱም መሪ ጨብጦ ሳለ ይጀመራል። ቦክሱ ጨዋታውን ሪከርድ አድርጎ ያቆይለታል። ከኬብል ኩባንያው በየወሩ እየከፈሉ መከራየት ይቻላል፤ ወይም ከሱቅ ገዝቶ፣ ከኩባንያው አንዲት ካርድ ተቀብሎ የቦክሱ ሆድ ውስጥ መክተት ነው።

«ኪራይ ይሻላል» አለ ባህሩዲን። «ቢበላሽ የእነሱ ጣጣ ነው፤ ወስጄ ሪተርን አደርግና ሌላ ይሰጡኛል። ገዝተነው ቢቃጠልስ ማን ላይ ልንጮህ ነው?»

«የራሳችን ከሆነ ግን የራሳችን ነው።»

«ሙፊ፣ ቦክስ እኮ ነው፤ ቤት አይደለም።»

ፊት ለፊት በር የምትኖረው ዳራርቱም በዚህ ነገር ለባህሩዲን ወገነች። እሷ ገዝታ አይታዋለች። «ዋስትናው ባለቀ ማግስት ሞተብኝ፤ አሁን አበባ አስቀምጥበታለሁ» አለች እየሳቀች። ሙፈሪያት ተረታች፤ ቦክሱን ተከራዩ።

ያኔ ልጃቸው ዙሀይር አራት ዓመት ሊሆነው ምንም አልቀረውም። አፉን ግን አልፈታም። «እማ» አላለም፣ «ውሃ» አላለም፤ ሲጠሩት ዞር አይልም፤ ዓይን ለዓይን መተያየት አይወድም። ከቧንቧ የሚወርድ ውሃ ሥር ጣቱን ዘርግቶ የጠብታውን አወራረድ ሲያይ ይውላል። ሐኪሞቹ ኦቲዝም ነው አሏቸው። ከአገር ቤት የሚደውሉት ዘመዶች «ወንድ ልጅ አፉን ለመፍታት ይዘገያል፤ አጎትሽም እንዲሁ ነበር» ይሏታል፤ ሙፈሪያትም «እሺ» ትላለች። ከጊዜ በኋላ ግን ማንም «እስቲ ስልኩን ስጪውና ሰላም ልበለው» ማለት ተወ። እሷን የሰበራት ከሐኪሞቹ ቃል ይልቅ ይሄ ዝምታ ነው።

በዚያው ዓመት በበረዶው ወራት የባህሩዲን ጨዋታ እንዳይቆረጥ ተጨማሪ ሰዓት ተሰጥቶት ስለነበር ቦክሱ ከኳሱ በኋላ የመጣውን የአካባቢ ዜናም አብሮ ቀዳ። ከዜናው መጨረሻ አንድ ሽበታም፣ ቀይ ክራባት ያሰረ ሰውዬ የሚኒሶታ ካርታ ፊት ቆሞ እጁን በስተ ምዕራብ ካለው ከዳኮታ ጀምሮ እነሱ ወዳሉበት እየጠረገ ከባድ በረዶ ከምዕራብ እየመጣ መሆኑን ይናገራል። ዙሀይር ወለሉ ላይ ተንከባሎ ሲጫወት ድንገት ቀና አለ። ተነሳ። ቴሌቪዥኑ አጠገብ ሄዶ ሰውዬው እስኪጨርስ ንቅንቅ ሳይል ቆመ።

በማግስቱ ሪሞቱን ራሱ አንስቶ ወደ ኋላ የሚመልሰውን ቁልፍ አገኘው። ማንም አላሳየውም።

ከዚያ ወዲያ ያ ቤት የሰውዬው ቤት ሆነ። ጠዋት ያ ሰውዬ፣ ከሰዓት ያ ሰውዬ። ዙሀይር ያንን አንድ ትንበያ ያያል፣ ይመልሳል፣ እጁ አየር ላይ እንዳለ ያቆመዋል፣ እንደገና ይለቀዋል። ሙፈሪያት በምትሠራበት የአረጋውያን ማዕከል ወጥ ቤት ድንች ስትልጥ ሳይቀር የሰውዬው ድምፅ ጆሮዋ ውስጥ ይጮህ ነበር። ጁላይ ላይ ውጭው እየነደደ፣ እቤታቸው ውስጥ ግን በረዶው ገና ከዳኮታ እየመጣ ነበር።

አንድ ቀን መሯት ሪሞቱን ደበቀችው። ልጁ ትንፋሹ እስኪቆረጥ አለቀሰ። ነገሩን ለትምህርት ቤቱ የንግግር ባለሙያ ስትነግራት ሴትየዋ «መልሺለት» አለቻት። «ሁሉም ልጅ ቃል በቃል አይማርም። አንዳንዱ ንግግርን እንደ ዜማ ሙሉውን ይውጠዋል፤ እየቆረሰ የሚጠቀምበት ቆይቶ ነው።»

ይሄ ለሙፈሪያት እንግዳ ነገር አልሆነባትም። እሷስ ኮልፌ መድረሳ ውስጥ አጫጭሮቹን የቁርአን ሱራዎች ከነዜማቸው የያዘችው አንዷንም ቃል ሳታውቅ አይደል? ትርጉሙ የመጣው ካደገች በኋላ ነው። እቤት ገብታ ሪሞቱን እጁ ላይ አኖረችለት።

አንድ እሁድ ከሰዓት ልብስ እያጠፈች ነው። ቴሌቪዥኑ ጠፍቷል። ዙሀይር በመስኮቱና በሶፋው መካከል ያለው ባዶ ነጭ ግድግዳ ፊት ሄዶ ቆመ፤ ፊቱን ወደ ክፍሉ መለሰ፤ እጁን አነሳ፤ ተናገረ።

በእንግሊዝኛ፣ ጥርት ባለ ድምፅ፣ ከባድ በረዶ ከምዕራብ እየመጣ መሆኑን፣ ነፋሱ እየበረታ እንደሚሄድ፣ የማዕበል ማስጠንቀቂያ መውጣቱን፣ ሐሙስ ደግሞ ሰማዩ እንደሚጠራ ተናገረ። እጁ ግድግዳውን እየጠረገ ይሄዳል። ድምፁ የሕፃን ነው፤ አወራረዱ፣ አተነፋፈሱ፣ መሃል ላይ ፈገግ ማለቱ ሳይቀር የዚያ ሽበታም ሰውዬ ነው። ዓረፍተ ነገሩ አንድም ቦታ አልተሰበረም።

ሙፈሪያት ያጠፈችው ካልሲ ከእጇ ወደቀ። «ሱብሃነላህ» የሚለው ቃል ከደረቷ ወጣ እንጂ እሷ አላለችውም። ልትጠጋው ፈራች፤ እግሯ ቢንቀሳቀስ ነገሩ ሁሉ በንኖ የሚጠፋ መሰላት። አራት ዓመት ሙሉ አንዲት ቃል የተጠማ ቤት በአንድ ጊዜ ጎርፍ ወረደበት።

ባህሩዲን ስልኩን ሲያነሳ ኔብራስካ መንገድ ላይ ነበር።

«ተናገረ» አለችው።

«ማን?»

«ዙሀይር! ተናገረ!»

«ወላሂ በይ!»

«ወላሂ!»

መኪናውን ዳር አስይዞ «ምን አለ?» ብሎ ጠየቃት። «በረዶ ይመጣል አለ» ስትለው ሁለቱም ሳቁ፤ ሳቃቸው ወደ ለቅሶ ሲዞር አልታወቃቸውም።

ከዚህ የበለጠው ግን ከጥቂት ሳምንት በኋላ መጣ። ዳራርቱ መጥታ ስትጨዋወት ሙፈሪያት ምንጣፉን በቫክዩም እያጸዳች ነበር። የማሽኑ ጩኸት ሲበረታ ዙሀይር ጆሮውን በሁለት እጁ ደፍኖ ጮክ ብሎ «ስቶርም ዋርኒንግ!» አለ፤ የማዕበል ማስጠንቀቂያ። ሙፈሪያት ማሽኑን አጠፋችው። ልጁ ቀስ ብሎ እጁን አወረደ። «ክሊሪንግ» አለ፤ እየጠራ ነው።

ዳራርቱ «ዋቃ ኮ፣ አምላኬ!» ብላ አፏን ያዘች። ሙፈሪያት ከልጁ ፊት ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች። ልጁ ስለ ሰማይ እያወራ አልነበረም። ማዕበሉ ያለው እሱ ውስጥ ነው፤ የሚጠራውም እሱ ነው። ስንት ዓመት በዝግ በር ላይ ስታንኳኳ ኖራ፣ እሱ ከወዲያ በኩል ሆኖ የውስጡን አየር እየነገራት ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሲከፋው ነፋሱ ይበረታል፤ ሲደሰት ፀሐይ ትወጣለች፤ መተኛት ሲፈልግ ከሰሜን ቅዝቃዜ ይገባል። እሷም እያንዳንዷን ተማረች።

በቀጣዩ መጸው ቦክሱ ቀጭ ቀጭ ማለት ጀመረ። ምስሉ ይደርቃል፤ ሰውዬው አፉን ከፍቶ ይቀራል። ባህሩዲን ለኩባንያው ደወለ፤ ሮዝቪል ወዳለው ሱቃቸው ይዞ ቢመጣ በነፃ እንደሚቀይሩለት ነገሩት።

«አላልኩሽም?» አለ ደስ ብሎት። «ኪራይ ለዚህ ነው የሚጠቅመው።»

«ውስጡ ያለውስ?» አለችው ሙፈሪያት።

ባህሩዲን ይህን አላሰበውም ነበር።

አብረው ሄዱ። ባንኮኒው ጀርባ የነበረችው ልጅ ትሑት ናት። የተቀዳው ነገር ወደ አዲሱ እንደማይዛወር፣ ከአሮጌው ጋር እንደሚቀር ነገረቻቸው።

«እንግዲያው ይሄንኑ ሽጡልኝ» አለች ሙፈሪያት።

«ይቅርታ፣ ይሄ የኩባንያው ንብረት ስለሆነ አይሸጥም።»

ሙፈሪያት የዙሀይርን ነገር ነገረቻት። ልጅቷ ሥራዋን አቁማ አዳመጠቻት። «ማንም አያስቸኩላችሁም» አለች በመጨረሻ፤ «እስኪሞት ድረስ ያዙት። ግን ስለ ድምፁ እንደነገራችሁኝ ከሆነ የሚቀዳበት ዲስክ እያለቀለት ነው። አንድ ቀን ጠዋት ስትነሱ አይበራም።»

ሲመለሱ መኪናው ውስጥ ሙፈሪያት፣ ልጄ አፉን የፈታው በሰው ዕቃ ነው፣ እያለች ታስባለች። ባህሩዲን ትንበያውን በስልኩ ቀርጾ ለዙሀይር ሰጠው፤ ልጁ ስልኩን አየት አድርጎ ገፋው። የስልኩ ትንሽ ሰውዬ ለእሱ ያ ሰውዬ አይደለም።

አሁን እንግዛ ያለው ባህሩዲን ነው። «ከዛሬ በኋላ የልጄን ነገር በኪራይ አላስቀምጥም» አለ።

«የገዛነውም አንድ ቀን ይሞታል፣ ባህሩ» አለችው። «ግን መቼ እንደምንሸኘው የምንወስነው እኛ እንሆናለን።»

ገዙት። የቸገራቸው ለልጁ እንዴት እንደሚነግሩት ነበር። ሙፈሪያት ደጋግማ አሰበች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ተነስታ ነጩ ግድግዳ ፊት ሄደች፤ ነጠላዋን አስተካክላ ቆመች። ባህሩዲን ሶፋው ላይ ሆኖ ያያታል፤ ያበደች ሳትመስለው አልቀረችም።

«ሐሙስ» አለች በእንግሊዝኛ፣ የሰውዬውን ዜማ እንደምንም ይዛ። «ሐሙስ አሮጌው ቦክስ ይወጣል። አዲስ ቦክስ ከምዕራብ እየመጣ ነው። የማዕበል ማስጠንቀቂያ አለ።» እጇን ግድግዳው ላይ ጠረገች።

ዙሀይር ከቧንቧው መጣ። ፊቷ ቆመ። ቀና ብሎ ዓይኗን አያት፤ ሳይሸሽ፣ ሳይቸኩል፣ እንደሚያነብ ሰው አያት። መነካት የማይወደው ልጅ እጇን ያዘና ከግድግዳው ላይ አንስቶ በሌላው አቅጣጫ ጎተተው። በረዶ ከዳኮታ ወደ እነሱ ነው የሚመጣው፤ እሷ ከምሥራቅ፣ ከዊስኮንሲን አምጥታው ነበር። እርማቱን ከጨረሰ በኋላ በእንግሊዝኛ «አርብ ይጠራል» አለ።

ሰውዬው ያለው ሐሙስ ይጠራል ነው። ልጁ ቀኑን ቀየረው። ሙፈሪያት እጇ እሱ ባስቀመጠው ቦታ እንደተሰቀለ ቀረ፤ ልታወርደው አልደፈረችም። ባህሩዲን ሶፋው ላይ ሆኖ «አላሁ አክበር» አለ፤ በሹክሹክታ ነው ያለው።

ሐሙስ እንደተተነበየው ማዕበል ሆነ። ገመዱ ሲነቀል ዙሀይር ጥግ ገብቶ ጮኸ፣ ምሳም አልበላም፤ ማንም ዝም በል አላለውም። አርብ ረፋድ ላይ ተነስቶ አዲሱን ሪሞት አነሳ። ያ ሽበታም ሰውዬ በሰማያዊ ክራባት መጥቶ ስለ ዝናብ ያወራል። ዙሀይር እስከ መጨረሻው አየው። ወደ ኋላ የሚመልሰውን ቁልፍ ፈልጎ ተጫነ።

አሁን በቦክሳቸው ውስጥ ብዙ ትንበያ አለ። ዝናብ አለ፣ ጉም አለ፣ ነጎድጓድ አለ፤ በዚያው መጠን ዙሀይር የሚናገረው በዛ። ያም ሆኖ ቀን ቢቀይርም ቃሎቹ ሁሉ ከቦክሱ የተቀዱ ነበሩ፤ እስከ ባለፈው ክረምት ድረስ።

ባህሩዲን ፋርጎ አጠገብ በበረዶ መንገድ ተዘግቶበት ከመኪናው ውስጥ ደወለ። ሙፈሪያት ስልኩን ለዙሀይር አቀበለችው። ልጁ የፋርጎን ቅዝቃዜ፣ ነፋሱን፣ እየተነሳ ያለውን በረዶ አንድ በአንድ ነገረው። አባትየው «እሺ ጌታዬ፣ እሺ» ይላል። ከዚያ ዙሀይር ስልኩን ወደ አፉ አስጠግቶ በአማርኛ፣

«አባ፣ ና» አለ።

ይህን ቃል የሚናገር የአየር ሁኔታ ተንባይ የለም። ቀኑን ሙሉ «ዙሀይር፣ ና» የምትለው ሙፈሪያት ናት፤ ስትጠራው ዞር ብሎ የማያያት ልጅ ለካስ እሷንም ሲሰማት ኖሯል። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ወደ ውሃው ሄደ። ሙፈሪያት አንስታ ጆሮዋ ላይ አደረገችው። የመኪናው ሞተርና ነፋሱ ብቻ ይሰማሉ፤ ባህሩዲን ግን ስልኩን አልዘጋም፤ እዚያው መስመሩ ላይ ነበር።