ማክሜትርና አርባ አንዱ ስግደት

አዲስ አበባ ሳለሁ የአውሮፕላን መሣሪያ ቴክኒሻን ነበርኩ። በእጄ አብዝቶ ያለፈው ማክሜትር ነው፤ አውሮፕላኑ ከድምፅ ፍጥነት ስንት እጅ እንደሚበር ለአብራሪው የሚያሳይ፣ መዳፍ የሚሞላ ክብ መሣሪያ። በሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ ባለቤቴን ተከትዬ ስቶክሆልም ገባሁ። ከከተማዋ ጥግ ባለችው ሱንድቢበሪ መኖር እንደጀመርን፣ የሥራ ፈላጊዎች ኮርስ ላይ አንዲት አማካሪ ሙያዬን ጠየቀችኝ። በአራት ወር ስዊድንኛዬ "ፍጥነትን በድምፅ እለካለሁ" አልኳት።

እሷ የጻፈችው "ድምፅ ይለካል" ብላ ነው።

በሁለተኛው ሳምንት ለፕራክቲክ፣ ማለትም ያለ ደመወዝ ለሚሠራ ልምምድ፣ አንድ የአፓርታማ አስተዳደር ዘንድ ላከችኝ። እዚያ የድምፅ መለኪያ አስጨብጠው "ከላይ ያለችው ጎረቤቴ ታንኳኳብኛለች" እያሉ በየቀኑ ወደሚደውሉ ስዊድናዊ አዛውንት ሰደዱኝ። ስሕተቱን ላርም አፌን ከፈትኩ፤ ሥራ ፈትቼ ከርሜ ነበርና መልሼ ዘጋሁት።

ሳሎናቸው ተቀምጠን ጠበቅን። ልክ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ሲሆን ኮርኒሱ ዷ! አለ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ዷ! አዛውንቱ በጣታቸው ቆጠሩ።

"አርባ አንድ" አሉ። "ሁልጊዜ አርባ አንድ። ምን ዓይነት ስፖርት ነው?"

ቁጥሩን ስሰማ ስግደት መሆኑ ገባኝ። ወቅቱ ሁዳዴ ነበር። ደረጃውን ወጥቼ ሳንኳኳ የከፈቱልኝ ነጠላ ያጣፉ፣ ከልጃቸው ጋር የሚኖሩ ያገሬ እናት ናቸው።

"እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ሲሰግዱ ጉልበትዎ ታች ይሰማል።"

"እኔ ለእግዚአብሔር እንጂ መች ለታችኛው ሰውዬ ሰገድኩ?"

"ወፈር ያለ ምንጣፍ ቢያነጥፉስ?"

"በሁዳዴ ፍራሽ ላይ ልስገድ?"

ወረድኩ። አዛውንቱ የት እንደተማርኩ ሲጠይቁኝ እውነቱን አወጣሁ። ማክሜትር ጆሮ የለውም አልኳቸው። አውሮፕላኑ ወደፊት ሲሄድ የሚገጨው አየር ግፊት በአንድ ቱቦ ይገባል፤ የዙሪያው አየር ግፊት በሌላ። ውስጡ ሁለት ስስ የብረት ከረጢቶች አሉ፤ አንዱ ፍጥነት ሲጨምር ይነፋል፣ ሌላው ከፍታ ሲጨምር። ሁለቱ ተጋግዘው መርፌውን ያዞራሉ፤ ፍጥነቱ የድምፅን ሲያክል አንድ ማክ ይላል።

አዛውንቱ በጥሞና አዳመጡና "ታዲያ እሷ ስንት ማክ ናት?" አሉ።

የሚቀልዱ መስሎኝ ነበር፤ ወረቀትና እርሳስ አመጡ። ጉልበት ከግማሽ ሜትር ሲወርድ በሰከንድ ሦስት ሜትር ያህል፣ ድምፅ ደግሞ ሦስት መቶ አርባ። "ከድምፅ ፍጥነት አንድ መቶኛ አይሞላም" ብዬ ጽፌ ፈረምኩ።

"ከተፈቀደው በታች ነው?"

"እጅግ በታች።"

ወረቀቱን ማቀዝቀዣቸው ላይ ለጠፉት።

በዚያው ሰሞን ፋሲካ ሆነ። ከፋሲካ በኋላ ሃምሳ ቀን አይሰገድምና ኮርኒሱ ጸጥ አለ። አዛውንቱ "ይህ ሰው አንድ ጊዜ መጥቶ ችግሬን ፈታልኝ" ብለው ለአስተዳደሩ ጻፉ፤ እኔም ተቀጠርኩ። ስለ ሃምሳው ቀን ለማንም ትንፍሽ አላልኩም፤ ሌት ተቀን ግን እቆጥር ነበር።

የሐዋርያት ጾም በገባ ዕለት ስልኬ ጮኸ። "ጀመረች" አሉ አዛውንቱ። ሥራዬ አበቃ ብዬ እየሮጥኩ ስደርስ፣ አዛውንቱን ያገኘኋቸው እማማ በር ላይ፣ የእማማን እጅ ይዘው ቆመው ነው።

"ጸጥታው መጀመሪያ ደስ አለኝ" አሉኝ። "ኋላ መድኃኒቴን እረሳ ጀመር። የምውጠው ለካ በእሷ ኳኳታ ሰዓቱን እያወቅሁ ነበር። ቅዳሜና እሑድ ለምን እንደምትቀር ጠይቅልኝ።"

ተረጎምኩ። እማማ አዘኑላቸው።

"ሰንበት ስለሆነ ነው በላቸው፤ አይሰገድም። ግን መድኃኒት ከሆነማ በመቋሚያዬ አንድ ሁለቴ መታ መታ አደርግላቸዋለሁ።"

ሪፖርቱ ላይ "ተከራዩ ተጨማሪ ድምፅ ጠይቀው ተፈቅዶላቸዋል" ብዬ ጻፍኩ። አለቃዬ ሁለት ጊዜ አንብቦ ፈረመበት።