ሲጥ የሚለው ጫማ

ኮቪድ ካምፓላን ባመሳት ጊዜ፣ ራሴን ስቼ አንድ የማላውቀው ሰው የመንግሥት ሆስፒታል አደረሰኝ። ስነቃ ካርድ እንኳ አልወጣልኝም ነበር። ከኮሪደሩ የጎማ ጫማ ድምፅ ሰማሁ፤ ሲጥ፣ ሲጥ።

አሥር ዓመቴ እያለ እማዬን ያስታመምኩት እዚሁ ነው። እዚህ አገር አስታማሚ ምንጣፉን የሚዘረጋው ከበሽተኛው አልጋ ሥር ስለሆነ የሚታየኝ እግር ብቻ ነበር። ሐኪሞቹ ሽው ብለው ያልፋሉ። ሲጥ የሚለው ነጭ ጫማ ግን በየአልጋው ይቆማል፤ ነርሷ ሁሉንም በስሙ እየጠራች እንዴት አደርክ፣ እንዴት አደርሽ ትላለች።

አንድ ጠዋት ከፊት ለፊታችን ካለው አልጋ ጋ ቆመች።

«ናካቶ፣ እንዴት አደርሽ?»

ከአልጋው የተንጠለጠለው እጅ አልተንቀሳቀሰም።

«እሺ ናካቶ፣ ልሸፍንሽ ነው» ብላ አንሶላውን ሳበች።

እማዬ ከላይ ሆና፣ «እኔንም እንዲህ ከጠራችኝ ቅር አይለኝም» አለች። ምን ማለቷ እንደሆነ የገባኝ በሳምንቱ፣ ጫማው እኛ አልጋ ጋ ቆሞ መልስ ሲያጣ ነው።

አሁንም ጫማው አጠገቤ ቆመ። የሴትዮዋ ፊት በማስክ ተሸፍኗል።

«ሰናይት፣ እንዴት አደርሽ?»

ስሜን ለማንም አልተናገርኩም። እጇ ወደ አንሶላው ሲሄድ አየሁና ተሽቀዳድሜ፣ «ደህና ነኝ! ደህና ነኝ!» አልኳት።