ውሃ ያዘገየው ቀሚስ

ቀለም እወዳለሁ። በሥራ ተመድቤ ወረታ ስመጣ ከአዲስ አበባ ከያዝኩት ሻንጣ ግማሹ ቀሚስ ነበር። ባልደረቦቼ እስካሁን «ይቺ ከደሞዝ ቀን ይልቅ የሰርግ ቀን የምትጠብቅ» እያሉ ያሙኛል፤ ይሙኝ። የሚገርመው ስለ ልብስ ያስተማሩኝ ሴት ከራስ እስከ እግራቸው ጥቁር የለበሱ መሆናቸው ነው።

አከራዬ ናቸው። ባላቸው የሩዝ ነጋዴ ነበሩ፤ እኔ ቤቱን ስከራይ ከሞቱ ገና ጥቂት ወራቸው ነበር። አከራዬ ጥቁር ቀሚስ፣ ጥቁር ነጠላ፣ ጥቁር ሻሽ አድርገው ነው የተቀበሉኝ። ከገበያ ልብስ ገዝቼ ስገባ ግን እጃቸውን ጠራርገው ይነጥቁኝና መጀመሪያ ጥልፉን ገልብጠው ጀርባውን ያያሉ። «ጥልፍ በፊቱማ ሁሉም ያምራል፤ ጀርባውን እይ» ይሉኛል። ክሩ ከተዘባረቀ ወደ ሻጩ እንድመልሰው ያዙኛል። አንድ ጊዜ ደማቅ አረንጓዴ ሻሽ ገዝቼ ብመጣ አገላብጠው አዩትና «ይኼን አስረሽ ሜዳ እንዳትወጪ፤ ከብት ቡቃያ መስሎት ይግጥሻል» አሉኝ። ሻሹን እስካሁን አስረዋለሁ።

በምግብም እንደዚሁ ናቸው። የዚህ አገር እንጀራ ሩዝ ከጤፍ ተቀላቅሎበት እንደ ወረቀት ይነጣል፤ እኔ በንጣቱ ስደነቅ እሳቸው ጫፉን በጣታቸው አጠፍ አድርገው ከተሰበረ «ይኼ ጣራ ይከደንበታል እንጂ አይበላም» ይላሉ። ጠላ ሲቀምሱ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። እንዲህ ዓይነት ሴት በጥቁር ተጠቅልላ ማየት አንጀቴን ይበላኝ ነበር።

የገና በዓል አልፎ የልጃቸው ሰርግ ሲቃረብ ግቢው በሴት ተሞላ። ልጃቸው ሐሙሲት ከተማ መምህርት ናት፤ ሰርጓ ከጥምቀት በኋላ ነበር። በርበሬ ይቀነጠሳል፣ ሽንኩርት ይላጣል፣ የጠላው ጥንስስ ጓዳውን ሞልቶታል። አመሻሽ ላይ ሥራው ጋብ ሲል የሰፈሩ ልጃገረዶች ከበሮ ያነሳሉ። ያኔ አከራዬ ሰፌዳቸውን ብድግ አድርገው ወደ ጓሮ ይሄዳሉ፤ ከል የለበሰ ሰው ዘፈን መሐል አይቀመጥም። በደህናው ጊዜ ግን በዚህ ሰፈር ሰርግ ግጥም የሚያወርዱት እሳቸው እንደነበሩ ጎረቤቶች ነግረውኛል። ሌላ ሴት ስታወርድ ተቀባዩ እጁን በወጉ አያጨበጭብም ነበር አሉ።

አንድ ቅዳሜ ልጅቷ ከሐሙሲት መጥታ ክፍሌ ገባችና አልጋዬ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች።

«እናቴ በከል ቁማ፣ እኔ ቬሎ ለብሼ እልል ላስብልባት?» አለችኝ። «አላደርገውም። ለሙሽራው ነግሬዋለሁ፤ ከበሮ አይመታም፣ አይዘፈንም። ቆርበን ጸጥ ብለን ቤታችን እንገባለን።»

«ታዲያ ለምን አያወልቁትም?» አልኳት።

እንዳበደ ሰው አየችኝ። ለካ ከል ባለቤቱ አያወልቀውም። ዘመድ ተሰብስቦ፣ አዲስ ልብስና ለጋ ቅቤ ይዞ ይመጣል፤ «በቃሽ» ብሎ ጥቁሩን ያወልቃል፣ አዲሱን ያለብሳል፣ ራስ ይቀባል። በራሷ ጊዜ አውልቃ የወጣች ሴት ወሬዋ ቀድሟት ገበያ ይደርሳል። አውልቁልኝ ብሎ መጠየቅማ ከዚያም የባሰ ነውር ነው። የአባቷ ሙት ዓመት ነሐሴ ላይ አልፏል፤ እንደ ወጉ ያኔ ማውለቅ ነበረባቸው፤ ማንም ግን አልመጣም።

እኔ ነገር ሆዴ ውስጥ አያድርም። ወዲያው ተነስቼ ከአጥር ማዶ ያሉትን ጎረቤት ጠየቅኋቸው።

«ዘመድ እያለ ጎረቤት ይቀድማል እንዴ?» አሉኝ። «የባሏ ታላቅ እህት ቁሐር ሚካኤል ገጠር ይኖራሉ። በጥቅምት መጥተው አይተዋት ሂደዋል። ሳያወልቋት ከሄዱ ገና ይቆይ ማለታቸው ነው። እኛ ምን አግብቶን?»

በማግስቱ እሁድ ለአከራዬ ቅቤ ልገዛ ነው ብዬ ወደ ቁሐር ሚካኤል ወረድኩ። ባጃጁ እስከሚችለው አደረሰኝ፤ የቀረውን በእግሬ፣ ያውም ተረከዘ ረጅም ጫማ አድርጌ። ለቅቤ ግዢ እንዲህ የሚለበስ መስሎኝ ነበር። ክረምት ላይ ውሃ የሚተኛበት ሜዳ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ ሩዙ ታጭዶ ከብቱ ቃርሚያው ላይ ተበትኗል። እረኞቹ አካሄዴን አይተው የሳቁት ሳቅ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

እህትየው ጥላ ሥር ተቀምጠው ወተት በቅል ሲንጡ ደረስኩ። ረጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ ነገር የማያበዙ ባልቴት ናቸው። ማን እንደሆንኩ ነገርኳቸው፤ ቅቤውን ግን ረሳሁት።

«እትዬ፣ የወንድምዎ ሚስት እስከ መቼ ነው ከል የሚለብሱት?»

ቅሉ ቆመ።

«እሱንማ እሷን ጠይቂያት» አሉኝ። «እኔ ለሙት ዓመቱ ልብሷን ገዝቼ፣ ቅቤየን ይዤ ተነስቼ ነበር። የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳው ባሕር ሁኗል። ልጆቼ መሻገሪያ ፈልገው ፈልገው አጡ፤ ከመንገድ ተመለስሁ። ውሃው ሲሸሽ በጥቅምት ብሄድ አሁንም በከል ናት። የከተማው ሴቶች አውልቂ ብለዋት እምቢ ብላ ነው አልሁ። ለወንድሜ ይህን ያህል ካዘነችለት እኔ በምን አፌ በቃሽ እላታለሁ? አፍሬ ዝም አልሁ።»

«ማንም አውልቂ አላላቸውም» አልኩ። «ሰፈሩ የሚጠብቀው እርስዎን ነው። መጥተው ዝም ብለው ሲሄዱ፣ ገና ይቆይ ማለትዎ መስሏቸዋል።»

በሁለት እጃቸው ጭናቸውን መቱ። «ወይኔ ጉዴ!» አሉ። «ወይኔ ጉዴ! እስከዛሬ?»

ዝምታ ወርቅ ነው ይባላል። ያን ቀን ግን ወርቁም ዝምታውም አናደደኝ። እዚህ አንድ ሰፈር፣ እዚያ አንድ ቀበሌ እርስ በርስ ተከባብረው፣ አንዲት ሴት መሐላቸው ጠቁራ ልትቀር። ስልክ በየኪሱ አለ፤ እንዲህ ያለ ነገር ግን በስልክ አይጠየቅም። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል የሚሉትም እነሱው ናቸው። ለሹመት ሲሆን ይናገራሉ መሰለኝ። ይህን ሁሉ ለእህትየው ነገርኳቸው፤ ባልነግራቸው ይሻል ነበር፤ ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም።

ተነስተው ቤት ገቡና ከሣጥን ቀሚሱን አወጡልኝ። ነጭ ነው፤ ከደረቱ እስከ ታች ወይን ጠጅ ጥልፍ ወርዶበታል። እጄ ሳላዘው ገልብጦ ጀርባውን አየ። እንዲያ ያለ ንጹህ ሥራ ወረታ ገበያ ላይ አይቼ አላውቅም። «ታዲያ እሷን የሚመስል ነዋ የፈለግሁ» አሉ እህትየው።

በሚቀጥለው እሁድ ከቅዳሴ መልስ መጡ። ከቁሐር ሚካኤል ሴቶቹ ለጋ ቅቤውን በቅጠል ሸፍነው፣ ልብሱን በነጠላ ጠቅልለው፤ ከሰፈሩ ደግሞ እኔ የነገርኳቸው ሁሉ፤ ቀድሞ የገባው ግን የቁሐር ሚካኤል ዘመድ ነው፤ ወግ ነውና። አከራዬ ግቢው ውስጥ ጌሾ እየለቀሙ ነበር። ያን ሁሉ ሴት ባንዴ ሲያዩ ጌሾው ከእጃቸው ተበተነ።

«ምነው? ማን ሞተ?» አሉ።

«ማንም አልሞተ» አሉ እህትየው። «በቃሽ ልንልሽ ነው የመጣን።»

 አከራዬ መልሰው በርጩማቸው ላይ ተቀመጡ። ሻሹ ሲፈታ ጠጉራቸው አጭር፣ ድፍን ነጭ ነበር። በለቅሶው ጊዜ ተላጭተውት እስኪያድግ ሸብቷል። ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ፤ ለማንም ማሳየት አልፈለጉም። እህትየው ይኼኔ የራሳቸውን ሻሽ ፈተው ሽበታቸውን አሳዩና «ተይ እንጂ፤ እኔንስ አታይም?» አሉ። እጆቹ ቀስ ብለው ወረዱ። ቅቤው ተቀመጠ፤ ፀሐይዋ ስታገኘው ወደ ግንባራቸው ይወርድ ጀመር። ማንም አልጠረገላቸውም፤ እንዲወርድ ነው የሚፈለገው።

«ነሐሴ ላይ ጠጉሬን ታጥቤ ጠብቄሽ ነበር» አሉ አከራዬ። የሚናገሩት ለባላቸው እህት ነበር። «ስትቀሪ ውሃው ነው አልሁ። በጥቅምት መጥተሽ ዝም ብለሽኝ ስትሄጂ ግን… ሐዘኔ ለወንድምሽ ያነሰብሽ መሰለኝ። እንግዲያ እስክሞት ልልበሰው አልሁ።»

 እህትየው ጎንበስ ብለው የአከራዬን ጉልበት ሳሙ። እኔ አለቀስኩ፤ ያላለቀሰም አልነበረም። ትንሽ ቆይቶ ግን ቀሚሱ ተዘረጋና ለቅሶው ወደ ጫጫታ ተለወጠ። ቀሚሱ ሰፋ፤ አከራዬ ከስተው ኖሯል። አንዷ መቀነቱን አጥብቃ ታስራለች፣ ሌላዋ ትከሻውን ትሰበስባለች፣ ሦስተኛዋ አጥብቀሽ ገደልሻት ብላ ትጮሃለች። አከራዬ ደግሞ መሐል ቆመው ለሁሉም ያዝዛሉ። ወይን ጠጁ ፊታቸውን ሲያበራው ሳይ፣ ቀለም መውደዴን የነቀፈ ሁሉ እዚያ በነበረ ብዬ ተመኘሁ።

ከበሮው ተነሳ። ልጃገረዶቹ እንደ ልማዳቸው ሊጀምሩ ሲሉ አከራዬ እጃቸውን አንስተው አስቆሟቸው። የመጀመሪያው ስንኝ ሻክሮ ወጣ፤ መሐል ላይም ተቋረጠ። ማንም አልሳቀም፣ ማንም አላገዛቸውም። ጉሮሯቸውን ጠርገው እንደገና ጀመሩ፤

ውሃው ሞላ ብዬ ስጠብቅ ስጠብቅ፣
ይኸው መጣችልኝ ሜዳው ብሎ ደረቅ።

እልልታው ግቢውን ሞላው። እህትየው እንኳ፣ እነዚያ ቀጥ ያሉት ሴትዮ፣ ትከሻቸው ተንቀሳቀሰ። ጠላው ሲቀዳ ብርጭቆ አነሰንና ከጎረቤት ላመጣ ወደ ውጭ ሮጥኩ።

የግቢውን በር ስከፍት ልጅቷ አጥሩን ተደግፋ ቆማለች። ለሰርጉ ዝግጅት ከሐሙሲት መምጣቷ ነበር፤ በግርግሩ ለእሷ የነገራት ሰው የለም። ቦርሳዋ አቧራው ላይ ተቀምጧል። አፏን በነጠላዋ ጠርቅማ ይዛለች፣ እንባዋ እጇ ላይ ይወርዳል። የእናቷን የዘፈን ድምፅ ከአባቷ ሞት ወዲህ አልሰማችውም።

«ግቢ እንጂ! እናትሽ ናቸው» አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች።

«ካየችኝ ታቆማለች» አለችኝ በሹክሹክታ። «ተያት፣ ትጨርስ።»