ሳኬ ቀማሹ ሽማግሌ ላከ

ሽማግሌዎቹ እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ካለው፣ ላገባት ከምፈልጋት ልጅ አባት ቤት ሲወጡ እኔ ከመንገዱ ማዶ መኪናዬ ውስጥ ተቀምጬ ነበር። ደንቡ ቤቴ ሆኜ ስልክ መጠበቅ ነው፤ አላስቻለኝም። ሦስቱም ከነካፖርታቸው ደረጃውን ቀስ ብለው ሲወርዱ ሳይ ነገሩ እንዳልሰመረ ከአረማመዳቸው ገባኝ። የቡድኑ መሪ አጎቴ ነበር። በሩን ከፍቶ አጠገቤ ተቀመጠና መጀመሪያ ማሞቂያውን ከፍ አደረገ።

«ሁሉም ጥሩ ሄዶ ነበር» አለኝ። «ቤተሰብህን ጠየቁን፣ መለስን። ሃይማኖትህን ጠየቁን፣ መለስን። ከዚያ ልጁ ምን ይሠራል አሉ።»

«ምን አልካቸው ጋሼ?»

«እውነቱን ነዋ! መጠጥ ይቀምሳል አልኳቸው።»

ግንባሬን የመኪናው መሪ ላይ ደፋሁ። አጎቴ አልዋሸም። እዚያው አቅራቢያ አሌክሳንድሪያ ከተማ፣ አንድ የጃፓን ምግብ ቤት ውስጥ የምሠራው ሳኬ መምረጥ ነው። ሳኬ ከሩዝ የሚጠመቅ የጃፓኖች መጠጥ ነው፤ ሻጮች የሚያመጡትን ቀምሼ ጥሩውን እለያለሁ፣ ከዚያ የትኛው ከየትኛው ምግብ ጋር እንደሚስማማ ለእንግዳው እነግራለሁ። ይህን ሁሉ አሳጥረው ሲናገሩት መጠጥ ቀማሽ ነኝ። ልክ ነው፤ ሚስት ለመጠየቂያ ግን የሚሆን አልነበረም።

«እሳቸውስ ምን አሉ?»

አጎቴ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ታላቅ ወንድሜም በመቅመስ ነው የጀመረው፣ ቀብረነዋል፣ ልጄን ለቀማሽ አልሰጥም አሉ።»

ልናደድ ፈልጌ ነበር። ወንድም የቀበረ ሰው ላይ እንዴት ይናደዱበታል? መኪናዬን አስነሳሁ።

እዚያ ምግብ ቤት የገባሁት በሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ ሳህን አጣቢ ሆኜ ነው። ባለቤቱ ቃል የሚቆጥብ ጃፓናዊ ነው። በሩ ከመከፈቱ በፊት ሠራተኛውን በሙሉ ሰብስቦ ያስቀምሰናል። አንድ ቀን «ይሄኛው የበሰለ ሙዝ ይሸታል፣ ያኛው ደግሞ ሩዝ ሲቀቀል የሚወጣው እንፋሎት» ብል ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀስ በቀስ ከሳህኑ አራቀኝ። ያስቸገረኝ መትፋቱ ነው። ቀማሽ አይውጥም፤ አፉ ውስጥ አንከባሎ ኩባያ ውስጥ ይተፋል። ትልቅ ሰው በእጁ የሰጠኝን መጠጥ ፊቱ ልትፋ? እናቴ ብታየኝ ምን ልትል ነው? ወደ ግድግዳው ዞሬ፣ በእጄ ከልዬ፣ ጎንበስ ብዬ ነበር የምተፋው። ባልደረቦቼ የምጸልይ እየመሰላቸው ዝም ይሉኝ ነበር። ከዓመታት በኋላ ግን እጄም አፌም ለመደ፤ ሳላስበው መትፋት ጀመርኩ።

ስካይላይን ሰፈር ያለው ቤቴ ስገባ ደግሞ በራሴ ምግብ እሞክራለሁ። ያን ሙዝ ሙዝ የሚለውን ለስላሳ ሳኬ ከቀይ ወጥ ጋር ባቀርበው በርበሬው ድምጥማጡን አጠፋው። ሞቅ ተደርጎ የሚጠጣው ጠንከር ያለው ከጥብስ ጋር ሲሆን ጥሩ ነው። ልቤን የወሰደው ግን ድፍርሱ ነው። በደንብ ሳይጣራ ስለሚቀር ነጭ ነው፣ ትንሽ ይጣፍጣል፣ ልክ እንደ ጉሽ ጠላ። አዋዜ የነካው ሥጋ ላይ ሲደረብ የሚያቃጥለውን ያበርደዋል፣ ጣዕሙን ግን አይነካም። ይህን ያገኘሁ ቀን ብቻዬን ወጥ ቤት ውስጥ አጨበጨብኩ።

የአጎቴን ወሬ ለልጅቷ ስነግራት አላለቀሰችም፤ ነርስ ናት፣ በቀላሉ አትደነግጥም። «አባዬን ኢንቫይት አደርገዋለሁ» አለች። «የምትሠራበት ድረስ መጥቶ ራሱ ይይህ።»

«ካልወደዱኝስ?»

«ካልወደደህማ አልቆልናል።»

ቀልዷን አልነበረም። ያለ አባቷ ምርቃት እንደማታገባኝ ከመጀመሪያው ነግራኛለች። እኔም አባቷን አስቀይማ እንድትመጣልኝ አልፈልግም ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መጡ፤ እሷ፣ አባቷና አጎቴ። አባትየው ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ከረባት አስረው፣ ፍርድ ቤት እንደተጠራ ምስክር ቀጥ ብለው ተቀመጡ። መጀመሪያ የቀረበው ጥሬ ዓሣ ነበር። ጥሬ ሥጋ በሚጥሚጣ እያጣቀሱ የኖሩት ሰው ዓሣውን ሲያዩ አማተቡ። አጎቴ የእሳቸውንም ድርሻ በላላቸው።

ቀጥሎ ያቀድኩት ዋናው ነገር ነበር። አዋዜ ከቤቴ ይዤ መጥቼ ነበር፤ ወጥ ቤቱ በስሱ የተቆረጠ የበሬ ሥጋ ጠብሶ በእሱ ለወሰልኝ። ድፍርሱን ሳኬ አዲስ ጠርሙስ ከፈትኩና እንደ ልማዴ፣ እንዳልተበላሸ ለማረጋገጥ ትንሽ ቀምሼ ኩባያዬ ውስጥ ተፋሁ። ከዚያ ጠርሙሱን ወደ አባትየው ሲኒ አስጠጋሁ።

ሲኒያቸውን በመዳፋቸው ከደኑት።

«እሱ የተፋውን ለእኔ ሊቀዳልኝ ነው?» አሉ ወደ አጎቴ ዞረው። ልጃቸው ፊቷ ቀላ። አጎቴ ማኘኩን አቆመ።

ምን እንዳጠፋሁ ያኔ ገባኝ። በእኛ ቤት ጠላም ሆነ ጠጅ የሚያሳልፍ ሰው፣ ለእንግዳው ከመቅዳቱ በፊት መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ይጠጣል። ክፉ ነገር የለበትም፣ ካለበትም በእኔ ይቅደም ማለቱ ነው። እኔ ደግሞ እንግዳዬ ፊት ቀምሼ ተፋሁት!

ላስረዳቸው አፌን ከፈትኩና ተውኩት። ግራ መዳፌን ዘርግቼ ጠብ አደረግኩበትና ፊት ለፊታቸው ዋጥኩት። የምግብ ቤቱ ባለቤት ከባንኮኒው ኋላ ዓይኑ ፈጠጠ። በሕይወቱ ሳኬ ከመዳፉ የሚጠጣ ሰው አይቶ አያውቅም።

አባትየው እጃቸውን ከሲኒው ላይ አነሱ። ቀዳሁላቸው። ሥጋውን ጎረሱ፣ አዋዜው ሲፋጃቸው ከሲኒው ፉት አሉለት፣ ቅንድባቸውም ወደ ላይ ተነሣ።

«ጉሽ ነው እኮ!»

ልጃቸው በጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠችኝ። አጎቴ ሲኒውን ጨርሶ ደግሞ ዘረጋ።

«እስቲ ንገረኝ» አሉ አባትየው፣ አሁን እኔኑ እያዩ። «ሥራ ላይ የምትቀምሰውን ሁሉ ትተፋዋለህ?»

«ሁሉንም አባባ። መኪና ነድቼ ነው ቤቴ የምገባው።»

«አሁን ግን ዋጥክ።»

«ለእርስዎ ስለምቀዳ ነው።»

ሲኒያቸውን በጣታቸው አዞሩት። «ወንድሜ መትፋት አያውቅም ነበር» አሉ። የልጃቸው ዓይን እንባ ሞላ። አጎቴ የዘረጋውን ሲኒ ቀስ ብሎ አስቀመጠ።

ከዚያ ባዶ ሲኒዬን አዩ። «አንተስ ለምን አልቀዳህም?»

«ጃፓኖች ዘንድ ሰው ለራሱ አይቀዳም። ሌላ ሰው ነው የሚቀዳለት።»

«ደግ ሕግ ነው» አሉና ጠርሙሱን ከእጄ ወሰዱ። መዳፋቸውን ዘረጉ፤ ጠብ አደረጉበት፤ ጠጡ። ከዚያ ሲኒዬን እስከ አፉ ሞሉልኝ። እሳቸው ለእኔ አሳለፉልኝ። የልጃቸው እጅ ክንዴን ጨበጠኝ።

«ሽማግሌዎቹ በሚቀጥለው ቅዳሜ ተመልሰው ይምጡ» አሉ አጎቴን ሳያዩት። ለእኔ ደግሞ «ይሄን እንዳትተፋው» አሉኝ።

አልተፋሁትም። የዚያን ቀን መኪናዬን የነዳችው እሷ ናት።